ሞተሩ ሳይደክም ቦዲው እንዳይበላ፦ በበረዶ አገር አሮጌ መኪናን ከዝገት መጠበቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የላዳ ታክሲዎች ለአሥርት ዓመታት መንገድ ላይ ሊቆዩ የቻሉት ሞተራቸው በየጊዜው እየወረደ ስለታደሰና ቦዲያቸውም ስላልከዳቸው ነው። በደጋው አገር መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም፤ የክረምቱ ዝናብ ቢበረታም ከመስከረም በኋላ ያለው ረጅም በጋ ብረቱን ያደርቀዋል። ስለዚህ አገር ቤት መኪና የያዘ ሰው "መኪናው ደከመ" ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ወይም ካምቢዮውን ማለቱ ነው። ሚኒሶታ፣ ኦሃዮ፣ ቶሮንቶ ወይም ኤድመንተን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 300 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ካምሪ ወይም ሲየና ሞተሩ ገና በአንድ ቁልፍ እየተነሣ፣ ከሥሩ የፍሬን ቱቦው ተበልቶ፣ የፊት እግሮቹን የተሸከመው ብረት ተቦርቡሮ ለውዳቂ ብረት ይሸጣል።

በበረዶ አገር አሮጌ መኪና ይዞ ሥራ የሚሠራ ሰው የጥገና ገንዘቡን ቅደም ተከተል መለወጥ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ዘይት በጊዜው መቀየር እንዳለ ሆኖ፣ በየዓመቱ የመጀመሪያው ወጪ ከመኪናው ሥር ላለው ብረት፣ ያውም በረዶ ከመጣሉ በፊት መዋል አለበት። የዝገት ሥራ በጸደይ ሲጀመር ዘግይቷል፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ጨው ብረትን የሚበላው እንዴት ነው

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ንጹሕ ውሃም ያዝገዋል፤ ጨው የሟሟበት ውሃ ግን ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ በብረቱ ላይ የሚካሄደውን ኬሚካዊ ለውጥ በእጅጉ ያፋጥነዋል። በአሉሚኒየም ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን ከሥሩ ያለውን አሉሚኒየም ይጠብቃል። የተራ ብረት ዝገት ግን ከብረቱ የበለጠ ቦታ የሚይዝ፣ ውሃ የሚያሳልፍና እየተቀረፈ የሚወድቅ በመሆኑ ሁልጊዜ አዲስ ገላ ለእርጥበት ያጋልጣል። ከቀለም ሥር እንደ ትንሽ አረፋ የታየች ነገር በሁለት ክረምት ውስጥ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ የምትሆነው ለዚህ ነው።

ተራው የመንገድ ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ፣ በረዶን በሚገባ የሚያቀልጠው ከዜሮ በታች እስከ 9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ድረስ ነው። ብርዱ ከዚያ ሲብስ የመንገድ ሠራተኞች ካልሲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዥየም ክሎራይድ ይጨምሩበታል። እነዚህ ሁለቱ ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላላቸው፣ መንገዱ ደርቆ ፀሐይ በወጣበት ቀን እንኳ የተጣበቁበትን ብረት እርጥብ አድርገው ያቆዩታል። በተጨማሪም ገና በረዶው ሳይጥል 23 በመቶ ገደማ ጨው ያለበት ውሃ አስፋልቱ ላይ በመስመር በመስመር ይረጫል፤ ጎማ እያነሣ ወደ ላይ የሚወረውረው ይህ ፈሳሽ እንደ ጥሬ ጨው ተንኮታኩቶ የሚወድቅ ሳይሆን በላሜራው ስፌቶች መካከል ሠርጎ የሚገባ ነው።

ብዙ ሰው ብርዱ ራሱ መኪናን የሚያዝግ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ደጅ የቆመ መኪና የሚዝገው እጅግ በዝግታ ነው። ጨዋማ በረዶ ተሸክሞ በየማታው ወደ ሞቃት የአፓርታማ ምድር ቤት የሚገባ መኪና ግን የበለጠ ይጎዳል፤ ምክንያቱም በረዶው ቀልጦ የጨው ውሃ ይሆናል፣ ሙቀቱ ደግሞ ኬሚካዊ ለውጡን ያፋጥነዋል። በግምት የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የለውጡ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ይህ ማለት ግን ሞቃት ማቆሚያ ያለው ሰው መኪናውን ደጅ ያሳድር ማለት አይደለም፤ ባትሪውም፣ ጠዋት ተነሺውም ሙቀቱን ይፈልጉታል። ከመግባትዎ በፊት ሥሩን ያስጥቡ፤ የግል ጋራዥ ከሆነም ወለሉ ላይ የሚጠራቀመውን የጨው ውሃ በመጥረጊያ ያውጡ፣ በሩን ለተወሰነ ጊዜ ገርበብ አድርገው ያናፍሱት።

ዕንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፦ ከሥሩ መመልከት

ለምርመራና ለቅባት የሚመቸው ጊዜ ከመስከረም መግቢያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ነው፤ አየሩ ገና ይሞቃል፣ ብረቱም ደረቅ ነው። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መኪናው ማረፍ ያለበት በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ ክሪኩ የሚያርፍበት የበር ሥር ላሜራ ራሱ ተበልቶ ከሆነ ክሪኩ ሰርስሮት ሊገባ ይችላል። መደገፊያ ከሌለዎት ዘይት በሚቀየርበት ቀን መካኒኩ መኪናውን ሊፍቱ ላይ ጥቂት ደቂቃ እንዲያቆይልዎት ይጠይቁና በዓይንዎ ይዩት። ሌላ ሰው አይቶ የሚነግርዎትና ራስዎ ያዩት አንድ አይደለም።

የሚያስፈልገው የእጅ መብራት፣ ጠፍጣፋ ካቻቪቴና ፎቶ የሚያነሣ ስልክ ነው። ላዩ ቡናማ ሆኖ ከሥሩ ጠንካራ የሆነ ብረት በካቻቪቴው እጀታ ሲመታ ይጮኻል፤ የበሰበሰ ላሜራ ግን ድምፁ የታፈነ ነው፣ በካቻቪቴው ጫፍ ጫን ሲሉትም እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረፈራል። ያዩትን ሁሉ ፎቶ ያንሡ። በሚቀጥለው ዓመት ዝገቱ መሄድ አለመሄዱን የሚነግርዎት የዚህ ዓመት ፎቶ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚታየው የፍሬን ቱቦ ነው። ከሞተሩ ክፍል ተነሥቶ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ቀጭን የብረት ቱቦ በብዙ መኪኖች ላይ በሹፌሩ በኩል ከሥር እየተሳበ፣ በፕላስቲክ መያዣዎች እየታሰረ፣ በነዳጅ ታንኩ አጠገብ አልፎ የኋላ እግሩ ጋ ይደርሳል። ዝገቱ የሚጀምረው ገላጣው ቦታ ላይ ሳይሆን በእነዚያ መያዣዎች ሥር ነው፤ ጭቃና ጨው እዚያ ገብቶ ስለማይወጣ። መብራቱን ከጎን በኩል ያብሩበትና ቱቦውን ጓንት ባደረገ ጣት ቀስ ብለው ይዳብሱት። ለስላሳ ከሆነ ደኅና ነው። ጥቂት ብቻ የሻከረ ከሆነ ጸድቶ ቅባት ይቀባል። ቅርፊት አውጥቶ ያበጠ ወይም የረጠበ ከሆነ ግን መኪናው ከዚያ ቦታ ተነድቶ መሄድ የለበትም። ቱቦው ሲቀየር ከመዳብና ከኒኬል ቅልቅል የተሠራውን ያስገቡ፤ አይዝግም፣ በእጅም ስለሚታጠፍ ሥራው ይቀላል። የተበላችውን ክፍል ብቻ ቆርጦ በመጨናነቂያ ማያያዣ የሚያገናኝ ሠራተኛ ካጋጠመዎት ሥራውን አይቀበሉት፤ የፍሬን ግፊት ያንን ማያያዣ ሊያስለቅቀው ይችላል።

ቱቦውን ካዩ በኋላ መኪናው እንደቆመ ሞተሩን አስነሥተው የፍሬን ፔዳሉን በሙሉ ኃይል ይርገጡና ይያዙት። እየሰመጠ ከሄደ ወይም የፍሬን ዘይቱ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ቱቦ መፈንዳቱ ካልቀረ በግቢ ውስጥ ቆሞ ይፈንዳ፤ በሚኒሶታ በ35 ወይም በ94 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ተሳፋሪ ጭነው ሳሉ መሆን የለበትም።

ይህን ያህል የማሳስብበት ምክንያት አለ። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ1999 እስከ 2003 የተሠሩ የጄኔራል ሞተርስ የጭነት መኪናዎችን የፍሬን ቱቦ ዝገት ለዓመታት መርምሮ በ2015 ሲዘጋው ኩባንያው መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ በነጻ እንዲጠግን አላስገደደም፤ ባለቤቶቹ የመኪናቸውን ሥር እንዲያጥቡና ቱቦዎቹን እንዲያስመረምሩ ነው የመከረው። ሚኒሶታ ደግሞ ለግል መኪና ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ የላትም። በሌላ አነጋገር መርማሪው ባለቤቱ ነው።

አንዳንድ ዝገት ግን የኩባንያው ዕዳ ይሆናል። ቶዮታ በ2010 ከ1998 እስከ 2010 ሞዴል ያሉ ባለ ሁለት ጎማ ነጂ ሲየናዎችን ጨው በሚበዛባቸው ቀዝቃዛ ክፍለ ግዛቶች ጠርቷል፤ ከሥር የተንጠለጠለውን ስኮርታ የሚይዘው ገመድ በጨው ተበልቶ ጎማው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችል ስለነበር ነው። ለታኮማና ለታንድራ ፒክአፖችም የሻንሲ ዝገትን የሚመለከቱ ጥሪዎችና ካሳዎች ነበሩ። የመኪናዎን 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን መለያ በዚያው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያልተፈጸመ ጥሪ እንዳለ ይመልከቱ፤ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው። ሲየና የያዙ ደግሞ ጥሪው ቢፈጸምም ባይፈጸምም ስኮርታውን በዓመት አንድ ጊዜ ዝቅ አድርገው መልሰው ይስቀሉት። ገመዱ ተጣብቆ እንቢ ማለቱን በረዶ ውስጥ ጎማ ፈንድቶብዎት ሳለ ማወቅ አይፈልጉም።

ከዚያ በኋላ ሞተሩንና የፊት እግሮቹን የተሸከመውን ሰብፍሬም፣ የኋላ ሞላዎች የሚቀመጡበትን ቦታ፣ የነዳጅ ቱቦዎቹንና ማርሚታውን በየተራ ይዩ። የኋላ ጎማ ሽፋኑ ከንፈር ወደ ውስጥ የታጠፈበት ጠርዝ ጭቃ ስለሚይዝ በጣት ጠርገው ያውጡት።

ውሃው የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ለብቻቸው ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል፤ ገንዘብ አይጠይቁም፣ የሚያድኑት ብረት ግን ብዙ ነው። በእያንዳንዱ በር የታችኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ የሚገባው ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው። በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ በሩ ውስጡ ውሃ ይቋጥርና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። የጥርስ መጎርጎሪያ ወይም ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ያስገቡባቸው፤ ለዓመታት ተደፍኖ ከነበረ በር ላይ ቡናማ ውሃ ሲፈስ ያዩታል። ከበሮቹ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘልቀው ባዶ የላሜራ ሳጥንም የራሱ ቀዳዳዎች አሉት። ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ መጥረጊያዎቹ ባሉበት ፍርግርግ ሥር የተጠራቀመውን ቅጠል በእጅ አፍሰው ያውጡ፤ እዚያ የተዘጋ ውሃ ወደ ተሳፋሪው ምንጣፍ ይወርዳል።

ቅባቱ፦ ምን፣ የት፣ እንዴት

የዝገት መከላከያ ብለው የሚሸጡት ነገሮች በሁለት ይከፈላሉ፦ ደርቀው የሚጠነክሩና እርጥብ ሆነው የሚቆዩ። ጥቁር የጎማ ሽፋን ከመጀመሪያው ወገን ነው። ለአዲስ ብረት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ በዛገ ብረት ላይ ሲቀባ ግን የሆነ ቦታ ይሰነጠቅና ጨዋማውን ውሃ ከሥሩ ይዞ ያስቀረዋል። ከላይ ጥቁርና ያማረ ሆኖ ከሥሩ ላሜራው ያልቃል። ለአሮጌ መኪና እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ብቻ ነው፦ ከበግ ጠጉር ቅባት የሚሠሩትን እንደ ፍሉይድ ፊልም ያሉትን፣ ወይም በካናዳ በየከተማው ክራውንን የመሰሉ ድርጅቶች የሚረጩትን ስስ ዘይት። እነዚህ ወደ ስፌቶቹ እየሠረጉ ይገባሉ፣ የጀመረውንም ዝገት ከእርጥበትና ከኦክስጅን ይለዩታል። ጉዳታቸው በጎማ በሚረጭ ውሃ ቀስ በቀስ ስለሚታጠቡ በየዓመቱ መደገም አለባቸው። በሙያተኛ ሲሠራ ዋጋው እንደ ቦታውና እንደ መኪናው ስፋት ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 300 ዶላር ነው።

ለአዲስ መኪና ገዢ ከሚሸጡት መካከል በባትሪው ላይ የሚታሰር "ኤሌክትሮኒክ ዝገት መከላከያ" የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ። ገንዘብዎን አያውጡበት። ብረትን በኤሌክትሪክ ከዝገት መጠበቅ ባሕር ውስጥ ላለ መርከብና መሬት ውስጥ ለተቀበረ ቱቦ ይሠራል፤ ምክንያቱም ብረቱ ሙሉ በሙሉ በውሃ ወይም በእርጥብ አፈር ተከብቧል። በአየር ተከቦ የሚሄድ መኪና ግን ያ የማያቋርጥ የውሃ ግንኙነት የለውም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሥሩ ላይ መርጨትም ይቅር፤ ከሞተር የወጣ ዘይት አሲድና ለጤና ጎጂ የሆኑ ነገሮችን ይዟል፣ እየተንጠባጠበም አፈርና ውሃ ይበክላል።

ራስዎ ሊሠሩት ካሰቡ መጀመሪያ ሥሩን አሳጥበው ቢያንስ አንድ ሙሉ ደረቅ ቀን ያቆዩት። የሚቀረፈውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይፋቁ፤ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ መድረስ አያስፈልግም፣ የላላው ከወጣ ይበቃል። መነጽርና ጓንት ያድርጉ፣ መሬቱ ላይ ካርቶን ያንጥፉ። ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ እየሄዱ ሰብፍሬሙን፣ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎቹን ከነመያዣዎቻቸው፣ የሞላ መቀመጫዎቹን፣ የብሎኖቹን ራስ ሁሉ ይርጩ። ዋናው ሥራ ግን ውስጡ ነው፦ ረጅም ቀጭን ቱቦ ያለውን መርጫ በበሮቹ ሥር ባለው የላሜራ ሳጥን ቀዳዳ አስገብተው ቀስ እያሉ ወደ ኋላ እየሳቡ፣ ዘይቱ በሌላው ቀዳዳ መንጠባጠብ እስኪጀምር ይርጩ። በበሮቹ ሆድ፣ በኮፈኑ የታጠፈ ጠርዝና በኋላ በሩ የታችኛው ክፍልም እንዲሁ። የፍሬን ዲስክና ሸራ፣ የጋለ የማርሚታ ቱቦ፣ የሞተር ቀበቶዎችና የጭስ ሴንሰሮች ላይ ምንም ጠብታ እንዳይደርስ በላስቲክ ይሸፍኗቸው። ፍሬን ላይ ከነካ በፍሬን ማጽጃ አጥበው ሳያስወግዱ አይንዱ።

መኪናው ለአንድ ሁለት ቀን ይንጠባጠባል፤ ከበግ ጠጉር የተሠራው ደግሞ ለሳምንት ያህል የበግ ሽታ ይኖረዋል። ተሳፋሪ የሚጭኑ ከሆነ የዕረፍት ቀንዎን አስቀድመው ይምረጡ። ከፊት ጎማዎች ኋላ ያለው ቦታ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚታጠብ ጥር ላይ ሞቅ ያለ ቀን ሲገኝ እዚያው ላይ ብቻ ጥቂት ይጨምሩበት።

በላዩ ላይ የሚታዩ የድንጋይ ምቶችና የቀለም አረፋዎች ከ10 ዲግሪ በላይ ሙቀት ባለበት ቀን ይሠራሉ። አረፋውን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ሚያበራው ብረት ድረስ ፍቀው፣ በትናንሽ ጉድጓዶች ውስጥ የቀረውን ዝገት የሚለውጠውን ፈሳሽ ቀብተው፣ ሲደርቅ አንቲረስት፣ ቀጥሎ የመኪናው ቀለም፣ በመጨረሻ አንጸባራቂው ይቀባል። የቀለሙ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ተለጣፊ ላይ አለ። ዝገት ላይ በቀጥታ ስቱኮ መለሰን ግን ሥራውን ለሚቀጥለው ዓመት እጥፍ ማድረግ ነው፤ ስቱኮ እርጥበት ይይዛል።

በክረምቱ ውስጥ

ጨው መበተን ከጀመረ በኋላ መኪናውን በየ10 ቀኑ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ ከሥር የሚረጭ ውሃ ባለው ላቫጆ ያስጥቡ። ቀኑን የሚመርጠው የአየሩ ሁኔታ ነው፦ ሙቀቱ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ሲልና መንገዱ ሲረጥብ ጨው ሁሉ ፈሳሽ ሆኖ ይረጫል፣ ዝገቱም የሚፈጥነው ያኔ ነው፤ ስለዚህ ከበረዶ መቅለጥ ማግስት የሚደረግ አጠባ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። አንዳንድ ላቫጆዎች ውሃቸውን እያጣሩ መልሰው ስለሚጠቀሙበት በክረምት ውሃው ራሱ ጨው ሊኖረው ይችላል። መጨረሻ ላይ በንጹሕ ውሃ እንደሚያለቀልቁ ይጠይቁ፤ አለዚያ ሳንቲም የሚገባበትን፣ ውሃውን በእጅ የሚረጩበትን ቦታ ይምረጡና የጎማ ቤቶቹን ውስጥ፣ የኋላውን በተለይ፣ በደንብ ይምቱት። ከሞተሩ ክፍል ግን ከፍተኛ ግፊት ያለውን ውሃ ያርቁ።

ታጥቦ ሲወጣ የበሮቹን ላስቲክ በጨርቅ ያድርቁ፤ የሲሊኮን ቅባት ከተቀባ በማግስቱ በሩ በበረዶ ተጣብቆ አይቀርም። ቀጥሎ ፍሬኑን ጥቂት ጊዜ ቀስ ብለው እየያዙ ይንዱ፣ ዲስኮቹ ይደርቃሉ። የእጅ ፍሬን ከአጠባ በኋላ ብርድ ውስጥ ስቦ ማሳደር ገመዱ በበረዶ ተጣብቆ እንዲቀር ሊያደርገው ይችላል፤ ሜዳ ላይ የቆመ አውቶማቲክ በፓርክ ማርሽ ይበቃዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ጎማዎቹ ሲወርዱ የፍሬን ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨምቀው ክፍል፣ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ተጠርገው ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቡ። በጨው አገር አንዱ ሸራ አልቆ ሌላው አዲስ ሆኖ የሚገኘው ፒኖቹ ስለሚጣበቁ ነው። ቸርኬው ከማዕከሉ ጋር የሚገናኝበትን ፊት በሽቦ ብሩሽ ያጽዱና ስስ ግሪስ ይቀቡት፤ የጎማ ብሎኖቹ ጥርስ ላይ ግን ምንም ዘይት አይቀባ፣ ሲጠብቁ ልኩን ያሳስታል።

ዝገት ከውስጥም ይመጣል። በየቀኑ በጫማ የሚገባው በረዶ ምንጣፉ ሥር ባለው ስፖንጅ ውስጥ የጨው ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ጠርዛቸው ከፍ ያለ የላስቲክ ምንጣፎች ይግዙና ውሃቸውን በየሁለት ቀኑ ደጅ ይድፉ። መስታወቱ ከውስጥ ያለ ልክ በእንፋሎት የሚሸፈን ከሆነ ከምንጣፉ ሥር ውሃ ሊኖር ይችላል።

ስለ ማርሚታው አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አጭር አጭር ጉዞ ብቻ የሚሄድ መኪና ማርሚታው በደንብ ሳይጋል ስለሚጠፋ ውሃው ውስጡ ይቀራል፣ ከውስጥ ይበላል። የተቦረቦረ ማርሚታ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተበላው ወለል በኩል ወደ ተሳፋሪው ሊገባ ይችላል። ደንበኛ እየጠበቁ ሞተሩን አስነሥተው የሚቀመጡ ሾፌሮች በተለይ ይጠንቀቁ። በረዶ ከጣለ በኋላ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት የጭስ መውጫው አፍ በበረዶ አለመደፈኑን ይዩ። ራስ ምታትና ድካም መኪና ውስጥ ሲሆኑ ብቻ የሚመጣብዎት ከሆነ ወዲያውኑ ወጥተው ንጹሕ አየር ያግኙ፣ ሕክምናም ይፈልጉ፤ መኪናው ሳይመረመር መልሰው አይግቡበት።

ሌላው የክረምት ዝግጅት የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ እንለፈው። ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ከጉልበቱ ግማሽ በላይ ሊያጣ ስለሚችል ከአራት ዓመት በላይ ያገለገለውን ጥቅምት ላይ ያስመርምሩ፤ ጫፎቹ ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ነገር በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይጸዳል። የራዲያተሩ ፈሳሽ ግማሹ ውሃ ግማሹ ማቀዝቀዣ ከሆነ ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ አይቀዘቅዝም። የጎማ አየር የሙቀቱ መጠን በየ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ አንድ ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይቀንሳል። ኬቤክ ውስጥ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የክረምት ጎማ ግዴታ ነው።

ሌላ መኪና ሲገዙና ተስፋ ሲቆርጡ

ያገለገለ መኪና ሲገዙ የባለቤትነት ታሪኩ ላይ የተመዘገበበትን ክፍለ ግዛት ይዩ። ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዶ በቴክሳስ ወይም በአሪዞና የኖረ ኮሮላ፣ ጥቂት ሄዶ ሚኒሶታ ካረጀው ይሻላል፤ ሞተር ይታደሳል፣ የበሰበሰ ቦዲ ግን ለማንም የሚያዋጣ ሥራ የለውም። ሥሩ ለሽያጭ ሲባል ትኩስ ጥቁር ቀለም የተቀባ መኪና ላይ ካቻቪቴውን ይዘው ይግቡ፤ ሻጩ መንካት ከከለከለዎት መልሱን አግኝተዋል። ስስ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው የኋላ ጎማ ሽፋኑ ላይ ቢያስጠጉ ስቱኮ ባለበት ቦታ አይያዝም።

የራስዎን መኪና በተመለከተ መስመሩ እዚህ ላይ ነው። በር፣ ፓራፋንጎና የኋላ ጎማ ሽፋን ቢቦረቦሩ መልክ ነው፤ መኪናው ይሄዳል። በበሮቹ ሥር ያለው የላሜራ ሳጥን ቢቦረቦር ግን ጉዳዩ መልክ ብቻ አይደለም፤ በጎን ግጭት ሰውን ከሚጠብቁት ክፍሎች አንዱ ስለሆነ በብቁ ባለሙያ ወፍራም ላሜራ ተቆርጦ መበየድ አለበት። ሰብፍሬሙ በአንዳንድ መኪኖች በአዲስ ወይም ከደቡብ በመጣ ያገለገለ ሊቀየር ይችላል፣ ዋጋውን ይጠይቁ። የሞላ መቀመጫው፣ የእግሮቹ ማሰሪያ ወይም የመቀመጫ ቀበቶው ማሰሪያ ያለበት ወለል ተበልቶ ከተቀደደ ግን መኪናው የሰው መጫኛ መሆኑን ያቁም። ለሌላ ወገን "ትንሽ ዝገት አለው" ብሎ መሸጥ ይቅር፤ ለውዳቂ ብረት ነጋዴ ይስጡት፣ ከመስጠትዎ በፊት ጥሩ የሆኑትን ባትሪና የክረምት ጎማዎች አውርደው ያስቀሩ።

እዚህ ደረጃ ላልደረሰ መኪና የሚቀረው የሚያዝያ ሥራ ነው። የመጨረሻው ጨው በዝናብ ከመንገዱ ከታጠበ በኋላ፣ የአትክልት ውሃ መርጫውን ከመኪናው ሥር አስቀምጠው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይክፈቱት፣ በየአሥር ደቂቃው ቦታውን ይቀያይሩ። የላስቲኩን ምንጣፍ አውጥተው፣ በሮቹን ሁሉ ከፍተው፣ የተሰፋውን ምንጣፍ ጠርዝ ገለጥ አድርገው ፀሐይ ያስመቱት። የበሮቹን ቀዳዳዎች እንደገና ይጎርጉሩ፣ ስልክዎ ላይ ያለውን የመስከረሙን ፎቶ አውጥተው ከአሁኑ ጋር ያስተያዩ፣ የፍሬን ቱቦው ላይ ለውጥ ካዩም ቀጠሮውን ለበጋው ይያዙ፤ ጋራዦች ከጥቅምት በኋላ ይጨናነቃሉ።